በአዲስ አበባ ዙሪያ የበልግን ትንበያ አንብቦ ሥራን ማቀድ

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበልግን ወቅት ትንበያ ሲያወጣ፣ ከከተማው ወጣ ብለን የምንኖር ብዙዎቻችን ዜናውን የምናዳምጠው ዘንድሮ ዝናብ አለ ወይስ የለም በሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። በሱሉልታ ድርቆሽ ከምሮ ላሞቹን የሚቀልብ፣ በሰንዳፋ ማሳውን አርሶ ድንች ለመትከል የሚጠብቅ ወይም በለገጣፎ የቤት መሠረት ያስቆፈረ ሰው ግን ከዚህ የበለጠ ማወቅ ያስፈልገዋል። ዝናቡ በምን ዓይነት አካሄድ እንደሚመጣ፣ በመካከሉ ምን ያህል ደረቅ ቀናት ሊገቡ እንደሚችሉና የትንበያው ቃል እርሱ ላለበት ከፍታ ምን ያህል እንደሚሠራ ካወቀ፣ ሥራውን በትንበያው ላይ ማቀድ ይችላል።

በመጀመሪያ የበልግ ዝናብ እንዴት እንደሚፈጠር መረዳት ይገባል። በበጋ ወራት ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከአረቢያ ልሳነ ምድር በኩል የሚነፍሰው ደረቅና ቀዝቃዛ ነፋስ ሰማያችንን ጥርት አድርጎ ያቆየዋል። ወደ የካቲት ስንጠጋ በአረቢያ ምድር ላይ የነበረው ከፍተኛ የአየር ግፊት ወደ አረቢያ ባሕር ፈቀቅ ሲል፣ በዙሪያው የሚዞረው ነፋስ ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት ተሸክሞ ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ ወደ እኛ ይገባል። እርጥበቱ መግባቱ ብቻውን ግን ዝናብ አይሆንም፤ ወደ ላይ የሚያነሣው ኃይል ያሻዋል። ይህን ኃይል በአብዛኛው የሚሰጠው በሜዲትራንያን ባሕር በኩል ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ከሚያልፈው የቀዝቃዛ አየር ግንባር (ቀዝቃዛው አየር ሞቃቱን እየገፋ ከሚሄድበት ድንበር) ጋር ተያይዞ፣ በላይኛው አየር ውስጥ እስከ ቀይ ባሕር አካባቢ ወደ ደቡብ የሚዘረጋው ዝቅተኛ የአየር ግፊት ያለበት ቀጠና ነው። ግንባሩ ራሱ እንደ አውሮፓ ከተሞች አዲስ አበባን አቋርጦ አያልፍም፤ ወደ እኛ የሚደርሰው የላይኛው አየር ጫፉ ነው። ቀጠናው በደረሰ ጊዜ ለጥቂት ቀናት ይዘንባል፣ ወደ ምሥራቅ ሲያልፍ ደግሞ ሰማዩ ይጠራል፤ ቀጣዩ እስኪመጣ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ሊያልፍ ይችላል።

ከዚህ የተነሣ የበልግ ዝናብ እንደ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ከቀን ወደ ቀን የሚቀጥል አይደለም፤ በጥቂት ቀናት ተጠቃልሎ ይመጣና ይቋረጣል። በእኔ እምነት፣ ለገበሬም ሆነ ለግንበኛ የወቅቱ ጠቅላላ መጠን ከሚነግረው ይልቅ በዝናባማዎቹ ቀናት መካከል ያለው ክፍተት ብዙ ይነግራል። ጠቅላላ መጠኑ መደበኛ ሆኖ የተመዘገበ በልግ፣ በመካከሉ የገባው ረዥም ደረቅ ጊዜ ቡቃያውን አድርቆት ያለፈ ሊሆን ይችላል።

የወቅቱ ትንበያ የሚሰጠው በሦስት ክፍል ነው፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች። አከፋፈሉም የሚከተለው ነው። የ30 ዓመታት መዝገብ (ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለው) ዝናቡ ከበዛበት ዓመት እስካነሰበት ዓመት በቅደም ተከተል ይደረደርና፣ የመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ከመደበኛ በላይ፣ መካከለኞቹ 10 መደበኛ፣ የመጨረሻዎቹ 10 ከመደበኛ በታች ይባላሉ። ስለ መጪው ወቅት ምንም ፍንጭ ባይኖር ለእያንዳንዱ ክፍል 33 በመቶ ያህል ዕድል ይሰጠዋል። ትንበያው ለአካባቢያችን 45፣ 35፣ 20 ቢል፣ ሚዛኑ ወደ እርጥቡ አጋደለ ማለት ነው እንጂ እርጥብ እንደሚሆን ማረጋገጫ አልተሰጠም። ከአምስት አንድ የሆነው የድርቀት ዕድል አሁንም አለ፤ ያለውን ዘር ሁሉ በአንድ ጊዜ ለሚዘራ ሰው ደግሞ ከአምስት አንድ ትንሽ ቁጥር አይደለም። ስለዚህ ከ40ዎቹ ያልዘለለ ቁጥር ሲሰሙ ሥራዎን ከፋፍለው ይጀምሩ፤ ቁጥሩ ወደ 60 ሲጠጋ ደፈር ማለት ይቻላል።

ከትንበያው ጋር ስለ ውቅያኖስ የሚነገረውንም ማዳመጥ ይጠቅማል። ኤልኒኖ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ የምድር ወገብ ክፍል ከወትሮው መሞቅ፣ ብዙ ጊዜ የክረምቱን ዝናብ ሲያዳክም በልጉን ግን ሊያጠናክር ይችላል፤ የዚያው ክፍል ከወትሮው መቀዝቀዝ የሆነው ላኒና ደግሞ በልጉን የማዳከም ዝንባሌ አለው። በማዳጋስካር አቅራቢያ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ከባድ አውሎ ነፋስ መነሣቱ በዜና ከተሰማ፣ ወደ እኛ ሊመጣ የነበረውን እርጥበት ወደዚያ ስለሚስበው በእነዚያ ቀናት ዝናብ መጠበቅ አያዋጣም።

የአሥር ቀኑ ትንበያ ለሥራ ዕቅድ ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅማል፤ የቀጠናዎቹን መምጣትና መሄድ የሚያሳየው እርሱ ነውና። «ዝናብ ሰጪ የሚቲዎሮሎጂ ክስተቶች የመጠናከር አዝማሚያ ይኖራቸዋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር በቀላል አነጋገር እርጥበቱና የሚያነሣው ኃይል ይገናኛሉ ማለት ነው። «በጥቂት ቦታዎች» ከተባለ የእርስዎ ቀበሌ ሳያገኝ ሊቀር ይችላል፤ «በአብዛኛው» ከተባለ ግን እንደሚያገኝ ቆጥረው ይዘጋጁ። ከባድ ዝናብ የሚባለው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የሚጥለው ነው።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። 50 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲያገኝ 1,000 ሊትር ይወርድበታል፤ የሚፈስሰውና የሚተንነው ተቀንሶ 800 ሊትር ያህል ወደ ሮቶ ሊገባ ይችላል። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አሸንዳውን ከመጀመሪያው ዝናብ በፊት ጠርገው ያጽዱ፤ የበጋውን አቧራ የሚያጥበው የመጀመሪያው ውኃም ወደ ሮቶው ሳይገባ ይፍሰስ።

ትልቁ ፈተና የሐሰት አጀማመር ነው። በየካቲት አንድ ብርቱ ዝናብ ይጥልና መሬቱ ይርሳል፣ ሰውም ለመዝራት ይጣደፋል፤ ቀጠናው ካለፈ በኋላ ግን ደረቁ የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ተመልሶ የበቀለውን ያጠወልገዋል። የዝናብ አገባብን ለመወሰን ባለሙያዎች ከሚጠቀሙባቸው መመዘኛዎች አንዱ፣ በሦስት ተከታታይ ቀናት ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር መዝነቡንና በቀጣዮቹ 30 ቀናት ረዥም ደረቅ ጊዜ አለመኖሩን ማየት ነው። የሚቀጥሉትን 30 ቀናት ማንም ሊያያቸው አይችልም፤ ሆኖም 20 ሚሊ ሜትሩን ግድግዳው ቀጥ ባለ ጣሳና በማስመሪያ ራስዎ መለካት፣ የቀጣዩን አሥር ቀን ትንበያ መጠበቅ፣ ከዚያም አንድ ስንዝር ያህል ቆፍረው አፈሩን በእጅዎ መጭመቅ ይችላሉ። አፈሩ ከታች ተያይዞ ካልቀረ ላዩ ቢረጥብም አይዝሩ። በዚህ ጊዜ የቀበሌውን የግብርና ልማት ሠራተኛ ማማከርም ተገቢ ነው።

የቀጠናውን መምጣት ከቤት ሆኖ መከታተል ይቻላል። ቀዝቃዛው የንጋት ነፋስ ጋብ ብሎ ሌሊቱ ከወትሮው ሞቅ ሲል፣ ነፋሱም ወደ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ ሲዞር እርጥበቱ ገብቷል። ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምሮ በየረር ተራራ በኩል ደመና ወደ ላይ እየተቆለለ ካደገ፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ያለው ዝናብ ሊከተል ይችላል። ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ከቆየ በኋላ ነፋሱ ወደ ሰሜን ከተመለሰና ሰማዩ ከጠራ፣ ቀጠናው አልፏል፤ ብርዱ የሚጠነክረውም በዚያው ሌሊት ነው። ግፊት የሚለካ ስልክ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበል። በእኛ አካባቢ የአየር ግፊት ያለ ምንም የአየር ለውጥ በቀን ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳል፤ ከጠዋቱና ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ፣ ከቀኑና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የዛሬን ጠዋት ከትናንት ጠዋት፣ በተመሳሳይ ሰዓት የተለካውን ብቻ ያነጻጽሩ።

በዜና «አዲስ አበባ» ተብሎ የሚነገረው ሙቀት የሚለካው በከተማው ውስጥ ባሉ ጣቢያዎች ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ ከ6 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይቀንሳል። አቃቂ ከ2,100 ሜትር ብዙም ያልራቀ ሲሆን የእንጦጦ ራስ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ትንበያ ሥር፣ አቃቂ ላይ ቀላል ዝናብ የሆነው ደመና እንጦጦ ላይ በረዶ ሊጥል ይችላል። የሱሉልታ ሜዳ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ ሰማይ በጠራበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ከተራራው ወርዶ በሜዳው ላይ ይተኛል፤ በወቅቱ መጀመሪያ ላይ ውርጭ ሊጥል ስለሚችል ችግኝ ያለው ሰው በዋዜማው አመሻሽ አፈሩን ያጠጣ፣ ችግኙንም በጭድ ይሸፍን። በወንዝ ዳር የሚኖሩም በሰፈራቸው ባይዘንብ እንኳ እንጦጦ ከጠቆረ ልጆችንና ከብቶችን ከወንዙ ያርቁ፤ ጎርፉ የሚነሣው ከላይ ነው።

ሶሌታ የሚያስሞሉ ሰዎች ቀጠናው ያለፈበትን ቀን ይምረጡ፤ ግድ ከሆነም በማለዳ ጀምረው ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሳይደርስ አርማታው እንዲጠነክር ያድርጉ፣ መሸፈኛ ላስቲክም ከአጠገብዎ አይጥፋ። ድርቆሽ በግንድ ርብራብ ላይ ይከመር፣ ዙሪያውም ቦይ ይቆፈርለት። የአንድ ቀን ጫጩት የሚረከቡ ከዝናቡ ቀን ይልቅ ሰማዩ የጠራበትን የመጀመሪያ ሌሊት ይፍሩ። ከፋሲካ በኋላ ሠርግ የሚደግሱ ድንኳኑን ከፍ ባለ ቦታ አስተክለው ምሳውን ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ቢያቀርቡ ይሻላል። መብረቅ ብልጭ ብሎ ድምፁ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከተሰማ፣ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ነው፤ ከባሕር ዛፍ ሥር ወጥተው ቤት ይግቡ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ይቆዩ።

ግንቦት እየገፋ ሲሄድ የሜዲትራንያኑ ግንባሮች ወደ ሰሜን ስለሚያፈገፍጉ ይህ የንባብ ዘዴ አብሮ ይደክማል። ከዚያ በኋላ የሚጥለው ዝናብ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚገባው የክረምት እርጥበት እየሆነ ስለሚሄድ፣ ዓይንዎን ከየረር በስተምዕራብ ወዳለው ወጨጫ ተራራ ያዙሩ፤ በግንቦት ማብቂያ ገደማ የሚወጣውን የክረምት ትንበያም እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ያንብቡ።