ለትንሽ አኳሪየም የመጀመሪያ ጠንካራ ኮራል ስትመርጡ

ሱቅ ውስጥ በሰማያዊ መብራት ስር የማያምር ኮራል የለም። ስለዚህ ቀለሙን መጨረሻ ላይ እዩት። ትንሽ ገንዳ ላለው ሰው ቀድሞ የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ይሄ ኮራል ጎረቤቱን ይነድፋል ወይ? ውሃው ከፍ ዝቅ ሲልስ ይችላል? ውሃ ጥቂት ሲሆን የአንድ ቀን ትነት ብቻ ጨዋማነቱን ያዛባዋል፣ ኮራሎቹ ደግሞ ተጣልተው የሚሸሹበት ቦታ የላቸውም።

ጠንካራ ኮራሎች የካልሲየም ካርቦኔት አጽም የሚሠሩት ናቸው። ትልልቅ ፖሊፕ (አፍና ክንዶች ያሉት የኮራሉ አካል) ያላቸው ኤልፒኤስ፣ ትናንሽ ፖሊፕ ያላቸው ኤስፒኤስ ይባላሉ። ጀማሪ ከሆናችሁ ከኤልፒኤስ ጀምሩ፤ ያውም ገንዳው ጥቂት ወራት ሠርቶ ድንጋዩ ላይ ሐምራዊው ኮራላይን አልጌ መታየት ሲጀምር።

እኔን ከጠየቃችሁኝ የመጀመሪያው ደንከን የሚባለው ኤልፒኤስ ነው። መካከለኛ ብርሃንና ለስለስ ያለ ፍሰት ይበቃዋል፣ ክንዶቹ አጫጭር ስለሆኑ ጎረቤት ብዙም አያስቸግርም፣ መብላትም ይወዳል። በረዶው የቀለጠ ማይሲስ ሽሪምፕ (በረዶ ሆኖ የሚሸጥ ትንንሽ የገንዳ ምግብ) ላዩ ላይ ጣል አድርጉና ጠብቁ፤ ክንዶቹ ቀስ እያሉ ይታጠፋሉ፣ መሃል ያለው አፍ ይከፈታል፣ በቃ ሽሪምፗ የለችም። በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ውሃ ማቆሸሽ ነው።

ቀጥሎ ካንዲ ኬን የሚባለው ኮራል። ይሄም ቻይ ነው፣ ሲራባም ማየት ደስ ይላል። አንዱ ራስ (አንዱ ፖሊፕ) መጀመሪያ ሞላላ ይሆናል፣ ሁለተኛ አፍ ያወጣል፣ ወገቡ ይሰረጉድና ስምንት ቁጥር ይመስላል፣ ውሎ አድሮ ሁለት ራስ ሆኖ ይለያያል። ብርሃን የማይበዛበት ጥግ ካላችሁ ብላስቶሙሳ የሚባለው ኮራል ይስማማዋል፤ ብቻ እድገቱ ቀርፋፋ ነው።

ሁሉም ሰው የሚመኘው ሐመር የሚባለውን ኮራል ነው፣ አይፈረድበትም። ግን ባለቅርንጫፉን እንጂ እንደ ግድግዳ የተያያዘውን አትግዙ። ባለቅርንጫፉ ላይ እያንዳንዱ ራስ ለብቻው ስለሆነ አንዱ ቢበሰብስ ቆርጣችሁ ጥላችሁ ሌላውን ታተርፋላችሁ፤ የግድግዳው ሥጋ ግን ወጥ ስለሆነ በአንድ ጫፍ የጀመረ ጉዳት ሁሉንም ሊያዳርስ ይችላል። ረጃጅም መንደፊያ ክሮችን ስለሚዘረጋ፣ በተለይ ማታ፣ ዙሪያውን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ተዉለት። ዘመዶቹ ከሆኑት ኮራሎች፣ ከፍሮግስፖን ጋር አብዛኛውን ጊዜ ይስማማል፣ ከቶርች ጋር ግን አታጎራብቱት።

ጋላክሲያ የሚባለው ኮራልስ? መንደፊያው ከ20 ሴንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፣ በትንሽ ገንዳ ማንም አያመልጠውም። ተዉት። ጎኒዮፖራና አክሮፖራ የሚባሉት ኮራሎችም ለአሁኑ ይቅሩ። ኤስፒኤስ ካማራችሁ ሞንቲፖራን ሞክሩ፣ እሱንም ውሃችሁ ሲረጋጋ።

ሱቅ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ከጎን እዩ። ሥጋው አጽሙን ሸፍኖታል ወይስ ጠርዙ ላይ ነጭ አጽም ብቅ ብሏል? አፉ ተበርግዶ ከቀረ፣ ወይም ቡናማ ዝልግልግ ነገር ከታየበት፣ በግማሽ ዋጋ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ኮራል ብዙ ጊዜ ከትልቁ ተቆርጦ ትንሽ መቀመጫ ላይ ተጣብቆ ስለሚሸጥ መቼ እንደተቆረጠ ጠይቁ፤ ቁስሉ ድኖ መቀመጫው ላይ መዘርጋት የጀመረ ቁራጭ ይሻላል። ከባሕር ከመጣው ይልቅ ገንዳ ውስጥ ያደገውን ምረጡ። መቀመጫውንም ገልብጡት፣ አይፕቴዥያ (ገንዳ የሚወርር፣ ኮራል የሚነድፍ ትንሽ የባሕር አኔሞን) የሚደበቀው እዚያ ነው። ቤት ስትደርሱ ለኮራል በተሠራ መድኃኒት ንከሩት፣ ከተቻለ መቀመጫውን ነቅላችሁ ጣሉት።

ውሃው ላይ ብዙ አትጨነቁ፣ ግን አታዋዥቁት። ሙቀት ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጨዋማነት በውሃ ክብደት መለኪያ (ስፔሲፊክ ግራቪቲ) 1.025፣ አልካሊኒቲ (ኮራሉ አጽሙን የሚሠራበት የካርቦኔት መጠን) 8 ወይም 9 ዲኬኤች በሚባለው መለኪያ፣ ካልሲየም ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም በሊትር፣ ማግኒዚየም 1300 ሚሊግራም በሊትር አካባቢ። ናይትሬት (ከምግብና ከቆሻሻ የሚመጣው ውህድ) ዜሮ ይሁን የሚል ምክር አትስሙ፤ ኤልፒኤስ ትንሽ ናይትሬት ካላገኘ ይገረጣል። የተነነውን በተጣራ ጨው አልባ ውሃ ተኩ፣ ጨው አብሮ አይተንምና። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ የባሕር ውሃ የሚበጠበጥበትን የጨው ዱቄት ነው፦ አንዳንዱ ሲበጠበጥ አልካሊኒቲው 11 ይደርሳል፣ ገንዳችሁ 8 ላይ ከሆነና ግማሹን ውሃ ባንዴ ከቀየራችሁ ኮራሉ ይደነግጣል። የበጠበጣችሁትን ለኩ፣ በሳምንት 10 በመቶ እየቀየራችሁ ሂዱ።

አዲሱን ኮራል ዝቅ ያለ ቦታ አስቀምጡትና በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ አድርጉት። አንድ ሁለት ቀን ተኮማትሮ ቢውል አትነካኩት። በአንዴ ከሁለት በላይ አትግዙ። አልካሊኒቲው ከአንዱ ውሃ ቅየራ እስከ ቀጣዩ መውረድ ሲጀምር ኮራሎቹ እያደጉ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ሦስተኛ ከመጨመራችሁ በፊት የጎደለውን አልካሊኒቲና ካልሲየም በየቀኑ በጥቂቱ መሙላት ልመዱ።