መኪናው ይደርስብኝ ይሆን? ቀስ ብለው የሚሮጡ ጀማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሀዋሳ ውስጥ የሩጫ ውድድር ሲቃረብ ፍቅር ሐይቅ ዳር ጠዋት ጠዋት የሚሮጠው ሰው ይበዛል። ተማሪው አለ፣ የባንክ ሠራተኛው አለ፣ ልጆቿን ትምህርት ቤት ከመሸኘቷ በፊት ግማሽ ሰዓት የምትሮጥ እናት አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመዘገቡት ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «እኔ ቀርፋፋ ነኝ፣ ሰዓቱ ቢያልቅብኝስ?» መንገዱ ሲከፈት፣ ከኋላ የሚከተለው መኪና ሲደርስባቸው፣ ሰው እያየ ተጭነው ሲመለሱ ይታያቸዋል። በዚህ ፍርሃት ብቻ ሳይመዘገብ የሚቀር ሰው ብዙ ነው።

ይህ ያሳዝነኛል። ምክንያቱም ለብዙዎቹ ሰዓቱ ይበቃቸዋል። የሚያልቅባቸው በሌላ ምክንያት ነው፤ ያ ምክንያት ደግሞ አስቀድሞ ሊስተካከል ይችላል።

ሰዓቱን ሳያካፍሉ መፍራት

«3 ሰዓት ብቻ ነው የተሰጠው» ሲባል ያስደነግጣል። ስታካፍሉት ግን ድንጋጤው ይቀንሳል። ግማሽ ማራቶን ከ21 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። 3 ሰዓት ለዚያ ሲካፈል ለአንድ ኪሎ ሜትር 8 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ይደርሳችኋል። ገደቡ 3 ሰዓት ተኩል ከሆነ ለአንዱ ኪሎ ሜትር 10 ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ፈጠን ብሎ የሚራመድ ጤነኛ ሰው አንድ ኪሎ ሜትር በ10 ደቂቃ ይሄዳል። 10 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ አንድ ሰዓት ተኩል ከተሰጣችሁ ደግሞ በኪሎ ሜትር 9 ደቂቃ አላችሁ ማለት ነው።

ትልልቆቹ የዓለም ውድድሮችም ቢሆኑ ለቀርፋፋ ሰው በራቸውን አልዘጉም። እዚሁ ሐይቃችን ዳር ሪዞርት ያለው ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል። በዚያው የበርሊን ማራቶን መጨረሻ ለሚገባው ሰው 6 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይሰጠዋል። በኪሎ ሜትር 8 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ መሆኑ ነው። ቶኪዮ 7 ሰዓት ይሰጣል።

የእናንተ ውድድር ስንት እንደሚሰጥ ከወሬ አትስሙ። ገደቡ ከውድድር ውድድር ይለያያል። ስትመዘገቡ አዘጋጆቹን ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ጠቅላላ ሰዓቱ ስንት ነው? መቁጠር የሚጀምረው መቼ ነው? መሐል ላይ «እዚህ ነጥብ ላይ እስከዚህ ሰዓት ካልደረሳችሁ ትወጣላችሁ» የሚባል ቦታ አለ ወይ? ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቶኪዮን የመሰሉ ውድድሮች በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ እንዲህ ያለ ገደብ አላቸው፤ ጠቅላላ ሰዓቱ ቢበቃችሁም መሐል ላይ ልትያዙ ትችላላችሁ።

መነሻው ላይ ከሁሉም ኋላ መቆም

ቀስ ብሎ የሚሮጥ ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል። «የሰው መንገድ አልዝጋ» ብሎ ጭራሽ መጨረሻ ላይ ይቆማል። ሐሳቡ ደግ ነው። ነገር ግን ሕዝቡ ብዙ ከሆነ፣ ተኩሱ ከተሰማ በኋላ መነሻ መስመሩ ጋ ለመድረስ ብቻ ደቂቃዎች ይሄዳሉ። የመዝጊያው ሰዓት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ከተኩሱ ነው። ጫማችሁ ወይም የደረት ቁጥራችሁ ላይ ያለው ቺፕ የራሳችሁን ሰዓት በትክክል ሊይዝላችሁ ይችላል፤ መንገድ የሚከፍተው ትራፊክ ፖሊስ ግን ቺፓችሁን አያይም።

ፊት አትቁሙ፤ እሱ አደገኛ ነው፣ ትገፋላችሁ። እንደናንተ ቀስ ብለው ከሚሮጡት ሰዎች መካከል ግን ፊተኞቹ ሁኑ።

የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች መብረር

ሰዓት የሚበላው ዋናው ስህተት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሙዚቃው ይለቀቃል፣ ሰው ይጨፍራል፣ ከዚያ ሁሉም እንደ ተለቀቀ ጎርፍ ይሄዳል። የሚፈራ ሰው ደግሞ ይብስበታል። «አሁን ጉልበት እያለኝ ሰዓት ልቆጥብ» ብሎ ያስባል።

በቁጥር እንየው። 3 ሰዓት ተሰጥቷችሁ በኪሎ ሜትር 8 ደቂቃ ልትሮጡ አስባችኋል እንበል። በዚህ ፍጥነት 2 ሰዓት ከ49 ደቂቃ አካባቢ ትገባላችሁ። መነሻው ላይ ግን ግለቱ ይዟችሁ የመጀመሪያዎቹን 3 ኪሎ ሜትሮች በ6 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሮጣችኋቸው። 5 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ አተረፋችሁ። 14ኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግር እምቢ አለ። የቀሩትን 7 ኪሎ ሜትሮች እየተጎተታችሁ በ12 ደቂቃ ትራመዱ ጀመር። 28 ደቂቃ አጣችሁ። መጨረሻ ላይ የምትደርሱት በ3 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ግድም ነው። መኪናው የደረሰባችሁ በእነዚያ ሦስት ኪሎ ሜትሮች የተነሳ ነው።

ሰውነት እንዲህ የሚያደርገው ያለምክንያት አይደለም። ከአቅም በላይ ስንሮጥ ጡንቻና ጉበት ውስጥ የተከማቸው ስኳር ቶሎ ይሟጠጣል። ሙቀትም ይጨምራል። አንዴ ከተሟጠጠ በኋላ እየሮጡ መልሶ መሙላት ከባድ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው ሲያልፋችሁ ይለፋችሁ። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር «ኧረ ይሄ በጣም ቀላል ነው» የሚያሰኝ መሆን አለበት። ከአጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ሰዓት ካላችሁ ወይም ስልካችሁ ላይ የሩጫ አፕ ካለ፣ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ስትጨርሱ እዩት። ካቀዳችሁት ከፈጠነ ወዲያው ቀንሱ።

እርምጃን እንደ ውርደት መቁጠር

የምንኖረው የሯጮች አገር ውስጥ ነው። መንገድ ላይ የቆሙ ልጆች ሮጦ የሚያልፈውን ሁሉ «ቀነኒሳ!» እያሉ ይጠሩታል። እንዲህ ባለ አገር መሐል ላይ መራመድ ያሳፍራል። ስለዚህ ሰው እስኪወድቅ ይሮጥና ከዚያ በኋላ ነው የሚራመደው። ያኔ ደግሞ እርምጃው እርምጃ አይሆንም።

አሜሪካዊው ጄፍ ጋሎዌይ እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር የሮጠ ሰው ነው። የእኛው ምሩፅ ይፍጠር ነሐስ ያመጣበት ውድድር መሆኑ ነው። ይህ ሰው ጀማሪዎችን እያፈራረቁ እንዲሮጡና እንዲራመዱ ሲያስተምር ኖሯል። ዘዴው የሚሠራው ግን እርምጃው ከመጀመሪያው ሲጀመር ነው፤ ሳይደክማችሁ።

ለምሳሌ 3 ደቂቃ ሩጡ፣ 1 ደቂቃ ተራመዱ። ሩጫችሁ በኪሎ ሜትር 7 ደቂቃ ተኩል ቢሆን በ3 ደቂቃ 400 ሜትር ትሄዳላችሁ። ፈጠን ያለ እርምጃ በ1 ደቂቃ 100 ሜትር ያስኬዳል። በ4 ደቂቃ 500 ሜትር፣ በ8 ደቂቃ አንድ ኪሎ ሜትር። ከላይ ያሰብነው ፍጥነት ይኸው ነው! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እየተራመዳችሁ ግማሽ ማራቶንን በ3 ሰዓት ውስጥ ትጨርሳላችሁ፤ ወደ 11 ደቂቃም ይተርፋችኋል። መነሻው ላይ የጠፋውንና ለውሃ የቆማችሁበትን ከዚያ ላይ ትከፍላላችሁ።

ግን እርምጃው ይታሰብበት። ማታ ማታ ሐይቁ ዳር የምንንሸራሸርበት አካሄድ እዚህ አይጠቅምም። ክንዳችሁን እጠፉ፣ እርምጃችሁን አሳጥሩና አብዙት፣ ቀና በሉ፣ ስልክ አትንኩ። ይህን በልምምድ ላይ ለብቻው ሥሩት። በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጥኖ መራመድ ብቻውን ልምምድ ነው። ውድድሩ ላይ ደግሞ ልትራመዱ ስትሉ ወደ ጠርዝ ውጡና እጃችሁን ከፍ አድርጉ፤ ከኋላ ያለው እንዳይጋጫችሁ።

ልምምዱን ሁሉ በጥድፊያ መሥራት

ሰዓት የሚፈራ ሰው በየቀኑ ራሱን ይፈትናል። ትናንት 5 ኪሎ ሜትር በ38 ደቂቃ ሮጠ፣ ዛሬ በ37 ካልሮጠ ቀኑ ይበላሽበታል። በሁለተኛው ሳምንት ቅልጥሙን ያመዋል። በሦስተኛው ያቆማል።

አብዛኛው ልምምዳችሁ እያወራችሁ የምትሮጡት ይሁን። በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ይበቃል። አንዱ ቀን ረጅም ይሁን፤ ርቀቱ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጨምር። በዚህ ቀን ሰዓት አትቁጠሩ። ከቀሩት ቀናት በአንዱ ብቻ በውድድሩ ፍጥነት ጥቂት ኪሎ ሜትር ሞክሩ፤ ሰውነት ያንን ፍጥነት እንዲለምደው።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ረጅሙን ቀን ከበላችሁና ከጠጣችሁ በኋላ አድርጉት። ባዶ ሆድ ላይ ረጅም ሩጫ ለጀማሪ አልመክርም።

ራስን ሳይለኩ ለረጅም ርቀት መመዝገብ

ጓደኛ «21 እንግባ» ሲል ተነሥቶ መመዝገብ የተለመደ ነው። መጀመሪያ 10 ኪሎ ሜትር ሮጣችሁ ሰዓታችሁን ያዙ። ሯጮች ከአጭር ርቀት ወደ ረጅሙ ለመገመት የሚጠቀሙበት ስሌት አለ። በእሱ መሠረት 10ሩን በ1 ሰዓት ከ15 የሚጨርስ ሰው ግማሽ ማራቶንን 2 ሰዓት ከ45 አካባቢ ይጨርሳል። በ1 ሰዓት ከ20 የሚጨርሰው ወደ 2 ሰዓት ከ56 ይጠጋል። ይህ ደግሞ በደንብ ለተዘጋጀ ሰው ነው። 10ሩ ከ1 ሰዓት ከ20 በላይ የሚወስድባችሁና የተሰጠው 3 ሰዓት ከሆነ፣ ዘንድሮ አጭሩን ርቀት ግቡ። ከግማሽ ማራቶን ጎን ለጎን የሚካሄድ አጭር ሩጫ ብዙ ጊዜ አይጠፋም።

የሀዋሳን ፀሐይ መናቅ

ሀዋሳ ከባህር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው «እዚያ አየር አለ፣ ይቀለኛል» ይላል። አየሩ ይቀለዋል፤ ሙቀቱ ግን ይይዘዋል። የእኛ መንገድ ሜዳ ነው፣ ጥላ የሌለበት አስፋልት ብዙ ነው፣ ፀሐይዋም ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ትከርራለች። ፈጣኑ ሯጭ ይህን ጊዜ ገብቶ ውሃውን እየጠጣ ነው። ፀሐይዋን የሚበላው ከኋላ ያለው ሰው ነው።

ስለዚህ ሁልጊዜ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ብቻ አትለማመዱ። አልፎ አልፎ ረፈድ ሲል አጭር ሩጫ ሩጡ። ኮፍያ አድርጉ። ቀኑ ከሞቀ ካሰባችሁት ፍጥነት ላይ ቀንሱ፤ ስሌታችሁ ውስጥ የተረፉት ደቂቃዎች ለዚህ ነው የሚያስፈልጉት። ከሀዋሳ ወደ አዲስ አበባ ለታላቁ ሩጫ የምትሄዱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥባችኋል፤ እዚያ ትንፋሽ ያጥራል፣ ዳገት አለ፤ የሀዋሳ ሰዓታችሁን ይዛችሁ አትሂዱ።

ውሃ ማብዛት

ውሃ አለመጠጣት ጎጂ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ማብዛትም እንደሚጎዳ ግን ብዙ አይነገርም፤ በዚህ የበለጠ የሚጋለጠው ደግሞ መንገድ ላይ ረጅም ሰዓት የሚቆየው ቀርፋፋው ሯጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ማራቶን ላይ ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች 13 በመቶው በደማቸው ያለው የሶዲየም (የጨው ንጥረ ነገር) መጠን ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኝቷል። በሩጫው ወቅት ክብደት እስኪጨምሩ የጠጡና ከ4 ሰዓት በላይ የቆዩ ሰዎች ይበልጥ ተጋልጠው ነበር። ሲጠማችሁ ጠጡ። አንድ ሃይላንድ ሙሉ በአንድ ትንፋሽ አትጨርሱ። የምትራመዱበት ደቂቃ ላይ ጎንጨት ጎንጨት እያላችሁ ሂዱ፤ ቆማችሁ የምታጠፉት ሰዓትም ይተርፋል።

ዋዜማው ላይ አዲስ ነገር መሞከር

አዲስ ጫማ፣ አዲስ ካልሲ፣ አዲስ ምግብ አይሆንም። የውድድሩን ቲሸርት ቀድማችሁ ከወሰዳችሁ አንዴ እጠቡትና ለብሳችሁት ሩጡ፤ ብብትና ደረት ላይ የሚፈገፍግ ከሆነ ቫዝሊን ተቀቡ። ከሌላ ከተማ የመጣችሁ እንግዶች አሞራ ገደል ሄዳችሁ ጥሬ ዓሣ የምትቀምሱት ከሩጫው በኋላ ይሁን። ጠዋት የለመዳችሁትን ብሉ፤ በሶ ወይም ዳቦ በሻይ ጥሩ ነው። ሽንት ቤት ሰልፍ ስለሚኖር ቀደም ብላችሁ ድረሱ።

መኪናው ሲደርስ መጋፋት

ሁሉን አድርጋችሁም ቀኑ ላይሳካ ይችላል። መኪናው ከደረሰባችሁ ከአስተባባሪዎቹ ጋር አትከራከሩ፤ እነሱም ታዘው ነው። ከሁሉ በላይ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ አስፋልቱ ላይ አትቆዩ። ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ ብስክሌቱ ጠዋቱን ሙሉ ታግዶ የቆየ ነው፤ ሲለቀቅ ይቸኩላል። መቀጠል ከተፈቀደላችሁና ከቻላችሁ ወደ እግረኛ መንገዱ ውጡና በዚያ ጨርሱ። ማዞር፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ደረት ላይ ሕመም ካለ ግን መኪናው ውስጥ ግቡና ወዲያው ለሐኪም ተናገሩ። መጨረሻው ላይ ለሚጠብቋችሁ ቤተሰቦችም ደውሉ፤ እነሱ ናቸው የሚጨነቁት።

ከዚያ የቆማችሁበትን ኪሎ ሜትር ጻፉት። 3 ሰዓቱ ሲያልቅ 20ኛው ላይ ከነበራችሁ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር የጎደላችሁ 28 ሰከንድ ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ በመብረር የጠፋ ነው፣ ውሃ ላይ ቆሞ የጠፋ ነው ወይስ የልምምድ ማነስ? ሰኞ ዕለት እግራችሁ ሲያርፍ ያንን ፈልጉ፤ የሚቀጥለውን ልምምዳችሁንም ከዚያ ጀምሩ።