አስቤስቶስን አይነካኩ፣ ሻጋታን አይሸፍኑ፦ በአሮጌ ቤት ውስጥ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባቸው በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ እ.ኤ.አ. ከ1980 በፊት የተሠራ ቤት ሞልቷል። በእነዚህ ቤቶች አስቤስቶስም (ድሮ በግንባታ ዕቃ ውስጥ ይጨመር የነበረ ክር መሰል ማዕድን) ሻጋታም ሊያጋጥም ይችላል፤ ጠባያቸው ግን ተቃራኒ ነው። አስቤስቶስ ሳይሰበር ከተቀመጠ አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም። ሻጋታ ግን ዝም ሲባል ይብሳል። እኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንዱን እንነካካለን፣ ሌላውን እንተዋለን።

ሳያስመረምሩ ማፍረስ። በጣም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ቤቱ እንደተገዛ ጓደኛ ተጠርቶ ወለል ይነቀላል፣ ኮርኒስ ይፋቃል። 9 በ9 ኢንች የሆነው አሮጌ የወለል ታይልና ከሥሩ ያለው ጥቁር ማጣበቂያ፣ የቦይለር ቧንቧ የተጠቀለለበት ነጭ ልባስ፣ ፈንዲሻ የመሰለው ኮርኒስ አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል። ሲሰበሩ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ሲፈተጉ በዓይን የማይታዩ ክሮች ይበተናሉ፤ ሳንባ ከገቡ በኋላ ለዓመታት እዚያው ይቀመጣሉ። የሳንባ ካንሰርም ሆነ የሳንባን ሽፋን የሚይዘው ሜሶቴሊዮማ የተባለው ካንሰር የሚገለጠው ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ስለሆነ፣ «ስንት ቤት አፍርሼ ምንም አልሆንኩም» የሚል ሰው ምክር አይሰማ። የሚያጨስ ከሆነማ ለሳንባ ካንሰር ያለው ስጋት በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

አይቶ መለየት አይቻልም፤ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል፣ ናሙናውንም ባለሙያ ቢወስደው ይመረጣል። ታይሉ ካልተሰነጠቀ ከመንቀል ይልቅ አዲስ ወለል በላዩ ማንጠፍ ይሻላል።

የተሰበረውን መጥረግ። መጥረጊያም የቤት ቫኪዩምም ክሩን መልሰው አየር ላይ ይበትኑታል፤ ተራ የአቧራ ማስክም አያስጥልም። ክፍሉን ዘግተው ይውጡና ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይጥሩ። በማፍረስ ሥራ ላይ የተሰማራችሁም የሥራ ልብሳችሁን ከልጆች ልብስ ጋር አትጠቡ። ክሩ በልብስ ተሸክሞ ቤት ስለሚገባ ቤት የዋሉ ሚስቶችና ልጆች ጭምር ታመውበታል።

«ድሮ ታግዷል» ማለት። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1989 ያወጣውን እገዳ ፍርድ ቤት በ1991 በአብዛኛው ሽሮታል። ክሪሶታይል የተባለው ዓይነት የታገደው በ2024 ነው። እገዳውም ቢሆን ግድግዳ ውስጥ ያለውን አያወጣም።

ሻጋታን ቀለም መቀባት። በእንግሊዝ ሮችዴል የአዋብ ኢሻክ ቤተሰብ በ2017 ስለ ሻጋታው ሲያመለክት ቀለም እንዲቀባበት ተነገረው። ሕፃኑ አዋብ በ2020 በ2 ዓመቱ ሞተ፤ በ2022 የሞቱን ምክንያት ያጣራው ችሎት ለሞት ያበቃው ሻጋታው ያመጣበት የመተንፈሻ አካል ሕመም መሆኑን ወሰነ። ቀለም ሻጋታውን ከዓይን ይሰውራል እንጂ አያጠፋውም። በረኪናም መፍትሔ አይሆንም፤ ጥቁረቱን ቢያነጣም እርጥበቱ እስካለ ድረስ ይመለሳል። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

እንግዲህ ዋናው እርጥበቱ ነው። ውሃ የነካው ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ይጀምረዋል። የቤት ውስጥ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች፣ ከተቻለ ከ30 እስከ 50 ይሁን፤ መለኪያው ርካሽ ነው። መስኮት በሌለው ቤዝመንት እንጀራ ሲጋገርና ልብስ ሲሰጣ የሚወጣው እንፋሎት ግድግዳው ላይ ነው የሚያርፈው፤ ማራገቢያውን ያብሩ፣ ከሌለ እርጥበት መምጠጫ ማሽን ይግዙ። የሻገተ ምንጣፍና የኮርኒስ ሰሌዳ ታጥቦ ስለማይድን ይጣል። አስም ያለበት ሰው ወይም ሕፃን ካለ ማጽዳቱን ሌላ ሰው ይሥራው።

ለአከራይ በስልክ ብቻ መናገር። የቃል አቤቱታ ማስረጃ የለውም። ቀኑ ከሚታይ ፎቶ ጋር በጽሑፍ ይላኩ። በዋሽንግተን ዲሲ ሕግ አከራይ እንዲህ ያለ የጽሑፍ ማስታወቂያ በደረሰው በ7 ቀን ውስጥ ቤቱን ማየት፣ ካየ በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ሻጋታውን ማስወገድ አለበት።