ያለ ፕላቲነም፦ ከኒኬልና ከብረት የውሃ መክፈያ ካታሊስት እንዴት እንደሚሰራ

ባሕር ዳር ላይ ውሃም ፀሐይም ሞልቷል። ማዳበሪያው ግን በመርከብ፣ ከዚያም በከባድ መኪና ተጭኖ ነው የሚመጣልን። ይሄ ነገር ሁሌ ይከነክነኛል። ከጣና የሚወጣው ይኸው አባይ አስዋን ደርሶ ተርባይን ሲያዞር፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መብራቱ ውሃ ከፍሎ ሃይድሮጂን ያወጣ ነበር። ሃይድሮጂኑም ማዳበሪያ ይሆን ነበር።

ውሃን ወደ ሃይድሮጂንና ኦክሲጂን ለመክፈል ቢያንስ 1.23 ቮልት ያስፈልጋል። ይህን የትኛውም ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) አይቀንሰውም። በተግባር ግን ከዚያ በላይ ይጠይቃል፤ ካታሊስት የሚቆጥበው ያንን ትርፍ ነው። አስቸጋሪው ኦክሲጂን የሚወጣበት ወገን ነው። አሲድ ውስጥ እዚያ ጋ የሚጸናው የፕላቲነም ዘመድ የሆነው ብርቅ ማዕድን ኢሪዲየም ነው፤ በዓለም ላይ በዓመት የሚመረተው 10 ቶን እንኳ አይሞላም። ውሃው ውስጥ በአሲድ ፋንታ ኮስቲክ ሶዳ ከገባ ግን ኒኬልና ብረት ይበቃሉ።

እ.ኤ.አ. በ1987 ዴኒስ ኮሪጋን የተባለ ተመራማሪ አንድ ነገር አሳየ። እንደ ቆሻሻ ይታይ የነበረው ጥቂት ብረት ኒኬሉ ውስጥ ሲገባ ሥራውን በጣም ያቀለዋል። እኛም የምንሠራው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ኒኬሉን ፈልጉ። የሶላርና የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ የሚጠግኑ ልጆች ሴሎቹን የሚያያይዙበት 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀጭን የኒኬል ጥብጣብ አላቸው። አንዴ "ንጹህ ኒኬል ነው" ተብሎ የተሸጠልን ከላይ ብቻ ኒኬል የተቀባ ብረት ሆኖ አገኘነው። ማግኔት አይለየውም፣ ኒኬልም ይሳባል። ስለዚህ ጫፉን በምስማር ጫር ጫር አድርጉና ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ጭረቱ ላይ ቀይ ዝገት ካያችሁ መልሱት። ንጹሑ እንዳለ ያድራል።

ጥብጣቡን በእኩል ርዝመት ቁረጡ። በአቼቶ እያረጠባችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት። እርጥብ መሆን አለበት፤ የኒኬል ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው። በተጣራ ውሃ አለቅልቁ። መለዋወጫ ቤት የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ይሆናል፣ ብቻ አሲዱን እንዳይሰጧችሁ።

ቀጥሎ ማቅለሙ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች የሰርኪት ሰሌዳ የሚያጥቡበት፣ ብረት ያለበት ፌሪክ ክሎራይድ አለ። 1 ግራሙን በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጡና ግማሾቹን ጥብጣቦች ለግማሽ ሰዓት ንከሩ። የቀሩትን አትንኩ፣ ለማወዳደሪያ ናቸው። የተነከሩት አውጥታችሁ ቀለል አድርጋችሁ ስታለቀልቋቸው ብርማ መልካቸው ደብዝዞ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ጥላ ላይ ይድረቁ። ፈሳሹ ልብስ ከነካ አይለቅም።

አሁን ጥብጣቦቹ የሚገቡበት ውሃ። በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ 40 ግራም ኮስቲክ ሶዳ። ሶዳውን ወደ ውሃው ጥቂት በጥቂት ጨምሩ፣ በፍጹም ውሃውን ወደ ሶዳው አታፍሱ። ይግላል፣ ይረጫል፣ ዓይን ያጠፋል። ጓንትና መነጽር ሳይኖር አይጀመር። ልጆች ከሆኑ መምህራቸው አጠገባቸው ይቁም። የገበታ ጨው ደግሞ ክሎሪን ስለሚያወጣ አይግባ። ሥራው ደጅ ወይም መስኮቱ የተከፈተ ክፍል ውስጥ ይሁን፣ ክብሪትና ሲጋራ አይጠጉ፣ ጋዙም አይታፈን። ሃይድሮጂን አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ እሳት ካገኘ ሊቀጣጠል ይችላል።

ሰፊ አፍ ያለው የማርማላታ ጠርሙስ ላይ በ2 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሁለት ስንጥቅ ያለው እንጨት አጋድሙ። ርቀቱ ከተቀየረ ልኬቱም ይቀየራል። ከጥብጣቡ 6 ሴንቲ ሜትር ይጥለቅ፤ የሽቦው ክሊፕ ግን ውሃውን አይንካ፣ መዳቡ ያበላሸዋል። ሁለት ፊቱ ሲደመር 10 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ፓወር ሰፕላዩን 100 ሚሊ አምፔር ላይ አቁሙት። ላብራቶሪዎች የሚያወዳድሩትም በዚሁ መጠን ነው፣ በካሬ ሴንቲ ሜትር 10 ሚሊ አምፔር።

ልኬት ላይ አትቸኩሉ። መጀመሪያ በሁለቱም በኩል ያልተነከረ ጥብጣብ አስገቡ። ከ10 ደቂቃ በኋላ የመልቲሜትሩን ጫፎች ራሱ ጥብጣቡ ላይ አድርጋችሁ ቮልቱን መዝግቡ። ከዚያ ፖዘቲቩን ብቻ በተነከረው ቀይሩ። ቅደም ተከተሉ አይገለባበጥ። ከተነከረው ጥቂት ብረት ወደ ውሃው ይወጣና ያልተነከረውንም ያሻሽለዋል። የገበያው ኮስቲክ ራሱ ብረት አለበት፤ ለዚህ ነው ባዶ ኒኬል ሲቆይ ሲቆይ እየተሻለው የሚሄደው። በሦስት በሦስት ጥብጣብ ድገሙት፤ መጀመሪያ ያልተነከሩትን ሦስቱን ጨርሱ።

ጥሩ ከወጣ ቮልቱ በ0.1 አካባቢ ይወርዳል። ትንሽ ይመስላል። ግን አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን ሲመረት 2.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ መብራት ማትረፍ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ በደንብ የተሠራ ኒኬልና ብረት ከ1.23 በላይ ኦክሲጂን በኩል የሚፈልገው ከ0.25 እስከ 0.3 ቮልት ነው።

ቀሪው ጥንካሬው ነው፣ እኔ በጣም የሚያሳስበኝም እሱ ነው። አየር በሚገባበት ቦታ፣ ቀን ቀን አጠገቡ ሆናችሁ አሠሩት፤ የሚወጣው ሃይድሮጂን በሰዓት ከ60 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። የጎደለውን በተጣራ ውሃ ሙሉ። መብራት ከሄደ ሰዓቱን ጻፉ፣ ሲመለስ ቮልቱን ለኩ። አንዳንዱ ካታሊስት የሚረግፈው ሲጠፋና ሲበራ ነው፤ በፀሐይ የሚሠራ ነገር ደግሞ ማታ ማታ መጥፋቱ አይቀርም። ሲያበቃ ውሃውን ቀስ እያላችሁ በአቼቶ አለዝቡት፣ የሚዘቅጠውን ቡናማ አተላ ለይታችሁ በጠርሙስ አስቀምጡት። ጣና ውስጥ አይደፋም።