የመጀመሪያ ኮንቴነርዎን ከውጭ አገር እንዴት ያስመጣሉ?

ተክለሃይማኖት አካባቢ የቧንቧና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ለዓመታት ዕቃ የማነሳው ከመርካቶ ጅምላ አከፋፋዮች ነበር። አንድ ቀን ከማነሳበት መጋዘን ፊት ለፊት አርባ ጫማ ኮንቴነር ሲራገፍ ቆሜ ሳይ የመጋዘኑ ባለቤት፣ «ልጄ፣ አንቺም እኮ ማስመጣት ትችያለሽ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ምኑን አውቄው?»

«ማንም አውቆ አልጀመረውም። ብቻ ወረቀቱን አትናቂ።»

የዚያን ጊዜ ወረቀት ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ከታች ያለውን ቅደም ተከተል በሚያነቡበት ጊዜ የእሳቸውን ምክር በልብዎ ይያዙ። በመጀመሪያ ኮንቴነር ላይ ሰው የሚከስረው ባሕር ላይ በደረሰ አደጋ ሳይሆን ገና መርከቡ ሳይነሳ በተጻፈ ወረቀት ምክንያት መሆኑን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ፈቃድና ስም

የችርቻሮ ንግድ ፈቃድ ለማስመጣት አያገለግልም። ለሚያስመጡት የዕቃ ዘርፍ የተሰጠ የአስመጪነት ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የቫት ምዝገባ ያስፈልግዎታል። በኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ላይም ይመዝገቡ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የሚያስፈልጉ ፈቃዶች የሚጠየቁት በዚያ በኩል ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ የሚመስል ነገር ልንገርዎ። ስምዎ በፈቃዱ ላይ በላቲን ፊደል እንዴት እንደተጻፈ በደንብ ይዩት። አንድ ፊደል ሳይጨመርና ሳይቀነስ፣ አቅራቢዎም፣ ባንኩም፣ የመርከብ ድርጅቱም ያንኑ መጻፍ አለባቸው። እኔ የፈቃዴን ፎቶ በስልኬ ይዤ ነው የምዞረው። ስም በቃል ነግሬ የማስጽፍበት ጊዜ አልፏል።

ዕቃውን ከመውደድዎ በፊት ስሌቱን ይሥሩ

ቻይና፣ ጓንግዡ ወይም ይዉ ሄዶ ገበያው መሐል የቆመ ሰው፣ የዋጋው መርከስ ልቡን ያጠፋዋል። እዚህ አንድ ሺህ ብር የሚሸጥ ቧንቧ እዚያ በስንት እንደሚገኝ ሲያይ ወዲያው በሦስት ማባዛት ይጀምራል። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ግን የዕቃውን የኤችኤስ ኮድ፣ ማለትም ዕቃው በጉምሩክ ታሪፍ ላይ የሚመደብበትን ቁጥር፣ ይወቁ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች በዓለም ዙሪያ አንድ ናቸው፣ የሚቀሩትን አገሮች ራሳቸው ይጨምራሉ። ቀረጡ የሚወሰነው በዚህ ኮድ ስለሆነ፣ የፕላስቲክ የውሃ ቱቦና የናስ የውሃ ቱቦ አንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡም በታሪፍ መጽሐፉ ውስጥ የተለያየ ምዕራፍ ላይ ናቸው። ልምድ ያለው ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ይህንን ከግዢ በፊት ያይልዎታል፤ ትራንዚተር የሚፈለገው ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲደርስ ነው የሚለው ልማድ ብዙ ሰው ጎድቷል።

አሁን በቁጥር እንየው። የዕቃው ዋጋ፣ የማጓጓዣውና የኢንሹራንሱ ድምር፣ ማለትም ሲአይኤፍ የሚባለው፣ 1,000,000 ብር ይሁን። ቀረጡ በመቶ 20፣ ኤክሳይስ ደግሞ የሌለበት ዕቃ ነው እንበል።

ቀረጥ 200,000 ብር ይሆናል። ቫት በመቶ 15 የሚሰላው በ1,200,000 ላይ ስለሆነ 180,000 ብር ነው። ሱር ታክስ በመቶ 10 ሲሆን ቀረጡንና ቫቱን ጨምሮ በ1,380,000 ላይ ይሰላል፣ 138,000 ብር። የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ በመቶ 3፣ 30,000 ብር። ዊዝሆልዲንግ በመቶ 3፣ ሌላ 30,000 ብር። ሲደመር 578,000 ብር መጣ።

ከዚህ ውስጥ ቫቱ በሽያጭ ቫትዎ ላይ ይካካሳል፣ ዊዝሆልዲንጉም ከዓመቱ የትርፍ ግብርዎ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ እውነተኛ ወጪዎ 368,000 ብር ነው። ጉምሩክ ግን የሚቀበልዎት ሙሉውን 578,000 ነው፣ ያውም ዕቃው ከመውጣቱ በፊት። ብዙ ጀማሪዎች ያላቸውን ሁሉ ለዕቃው ከፍለው ለቀረጥ ብድር ፍለጋ ሲዞሩ ኮንቴነሩ ሜዳ ላይ ኪራይ ይቆጥራል። የቀረጡን ገንዘብ ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና) ከመክፈትዎ በፊት ለብቻው ያስቀምጡ። የዶላር ምንዛሪውንም ያስቡበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ጉምሩክ ዋጋውን ወደ ብር የሚለውጠው ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) በሚመዘገብበት ጊዜ ባለው ምንዛሪ ስለሆነ፣ በስሌትዎ ላይ መጠባበቂያ ይጨምሩ።

ዋጋ አሳንሶ ማስጻፍ የሚመክርዎት ሰው አይጠፋም። እባክዎ አይስሙት። ጉምሩክ የዋጋ መረጃ አለው፤ ካላመነ ዋጋውን ራሱ ይተምናል፣ ቅጣቱም ይከተላል። አንድ ጊዜ በዚህ የታየ አስመጪ በቀጣዩ ኮንቴነሩ ላይ በሌላ ዓይን ይታያል።

ፕሮፎርማውና የኮንቴነሩ መጠን

ሃያ ጫማ ኮንቴነር በይዘት 33 ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ ካርቶን ሲደረደር ግን ከ28 ብዙም አይዝም። አርባ ጫማው 67 ሜትር ኩብ፣ ቁመቱ ከፍ ያለው አርባ ጫማ (ሃይ ኪዩብ) ደግሞ 76 አካባቢ ነው። አርባው የሃያውን ዕጥፍ ክብደት ይጭናል ብለው እንዳያስቡ። እኔ ከመታጠቢያ ቤት ዕቃ ጋር የወለል ሴራሚክ መቀላቀል ስፈልግ ያወቅሁት ነው፤ ሴራሚክ ብቻውን ከተጫነ ኮንቴነሩ ግማሽ ሳይሞላ ክብደቱ ያልቃል። ከባዱን በሃያ፣ ቀላልና ሰፊ ቦታ የሚይዘውን በአርባ ማምጣት ያዋጣል።

ፕሮፎርማው ላይ የዕቃው ዝርዝር መግለጫ፣ ብዛት፣ የነጠላ ዋጋ፣ የሽያጭ ውሉ ዓይነት (ኤፍኦቢ፣ ሲአይኤፍ የመሳሰለው)፣ የሚጫንበት ወደብና የሚጸናበት ቀን ይጻፍ። በኤፍኦቢ መግዛት ለእኛ ይመቻል፤ ሻጩ ዕቃውን መርከብ ላይ እስኪጭን ያለው የእሱ ነው፣ ከዚያ በኋላ መጓጓዣውንና ኢንሹራንሱን እርስዎ እዚሁ ይይዛሉ። «የቧንቧ ዕቃ» ተብሎ በጅምላ የተጻፈ ፕሮፎርማ አይቀበሉ። እያንዳንዱ ሞዴል ለብቻው መስመር ይኑረው።

የፋብሪካውንም ጊዜ ይጠይቁ። የቻይና አዲስ ዓመት በጥርና በየካቲት መካከል ስለሚውል ፋብሪካዎች ለሳምንታት ይዘጋሉ። ከዚያ በፊት እንደርሳለን ያለ ሻጭ ሁሉ አይደርስም።

ባንክ

ብሔራዊ ቲያትርና ሰንጋ ተራ አካባቢ የባንክና የኢንሹራንስ ዋና መሥሪያ ቤቶች ተደርድረዋል፤ እኔ ሦስቱን በእግሬ ዞሬ ነው የውጭ ምንዛሪ አቅርቦታቸውን፣ የአገልግሎት ክፍያቸውንና አስቀድመው የሚይዙትን ገንዘብ ያወዳደርኩት። አንድ ቀን አይፈጅም፣ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው።

የአከፋፈል መንገዶቹ በዋናነት ሦስት ናቸው። ቅድሚያ ክፍያ ሻጩን የሚያስደስት፣ እርስዎን የሚያጋልጥ ነው። ካድ የሚባለው ሰነዱ ባንክ ሲደርስ ከፍለው የሚረከቡበት ነው፤ ሻጩ ሊያምንዎት ይገባል። ኤልሲ ወጪው ከፍ ይላል፣ ለጀማሪ ግን የምመክረው እሱን ነው።

ስለ ኤልሲ አንድ ነገር በደንብ ይያዝልኝ። ባንክ የሚመረምረው ሰነድ ነው፣ ዕቃ አይደለም። ሰነዱ ከኤልሲው ጋር ከተስማማ፣ ካርቶኑ ውስጥ የተሰበረ ሴራሚክ ቢኖርም ባንኩ ይከፍላል። ስለዚህ ከጭነት በፊት በገለልተኛ ድርጅት የተደረገ የፍተሻ ሰርተፍኬት ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ እንዲሆን ኤልሲው ውስጥ ያስገቡ። የመጨረሻው የመጫኛ ቀንና ኤልሲው የሚያበቃበት ቀን እንዳይቀራረቡም ይጠንቀቁ፤ ማሻሻያ በተደረገ ቁጥር ይከፈላል።

የባንክ ፈቃድ ሳይወጣ ሻጩ ዕቃውን እንዳይጭን በጽሑፍ ያስታውቁት። ፈቃዱን ቀድሞ የመጣ ዕቃ ሞጆ ላይ ባለቤት እንደሌለው ይቆማል።

ኢንሹራንስና መርከብ

የባሕር ጭነት ኢንሹራንሱ ከአገር ውስጥ ኩባንያ ይገዛል። የተለመደው ከሲአይኤፉ ላይ በመቶ 10 ጨምሮ መድን ነው። ሰፊውን ሽፋን ይውሰዱ፤ የጦርነት አደጋ ለብቻው የሚጨመር ስለሆነ መግባቱን ይጠይቁ። ጅቡቲ ከባብ ኤል መንደብ አጠገብ ናትና ቀላል አይደለም።

መርከቡ ላይ ምርጫው በመልቲሞዳልና በዩኒሞዳል መካከል ነው። በዩኒሞዳል ዕቃው ጅቡቲ ሲደርስ የወደቡንም የመኪናውንም ጉዳይ የሚጨርሱት እርስዎና ትራንዚተርዎ ናችሁ። በመልቲሞዳል ግን አንድ አጓጓዥ፣ በአንድ ቢል ኦፍ ሌዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ)፣ እስከ ሞጆ ወይም ሌላ ደረቅ ወደብ ድረስ ኃላፊነቱን ይወስዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ መልቲሞዳልን ይምረጡ። ለዓመታት ብቻውን ይሠራው የነበረው የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ነው፤ አሁን ፈቃድ ያላቸው የግል ድርጅቶችም አሉ።

ሰነዱ ተፈርሞ ከመላኩ በፊት

ይህን ክፍል ደግመው ያንብቡት።

ሻጩ ኮሜርሻል ኢንቮይስ (የሽያጭ ደረሰኝ)፣ ፓኪንግ ሊስት (የካርቶንና የክብደት ዝርዝር) እና ሰርተፍኬት ኦፍ ኦሪጂን (ዕቃው የተሠራበትን አገር የሚያሳይ) ያዘጋጃል፤ ቢል ኦፍ ሌዲንጉን የሚያወጣው ደግሞ አጓጓዡ ነው። ዋናዎቹ ከመታተማቸው በፊት ሻጩ የሁሉንም ረቂቅ እንዲልክልዎ ያድርጉ። ከዚያ አራቱንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በማስመሪያ ያወዳድሩ፦ ስም፣ አድራሻ፣ የግብር መለያ ቁጥር፣ የካርቶን ብዛት፣ የተጣራና ጠቅላላ ክብደት፣ የኮንቴነር ቁጥርና የበሩ ማሸጊያ (ሲል) ቁጥር። የኮንቴነር ቁጥር አራት ፊደልና ሰባት አኃዝ ነው፤ አንዱ ቢዛባ ሌላ ሰው ኮንቴነር ይሆናል።

እኔ በመጀመሪያዬ ይህን አላደረግሁም። ቢል ኦፍ ሌዲንጉ ላይ 18,450 ኪሎ፣ ፓኪንግ ሊስቱ ላይ 18,540 ኪሎ ተጽፎ መጣ። የፋብሪካው ጸሐፊ ሁለት አኃዝ አቀያይሮ ነው። 90 ኪሎ ምንም አይደለም ብዬ ነበር። ማስተካከያው ከሻጩ እስኪመጣ፣ በባንክ በኩል እስኪያልፍ፣ ሞጆ ላይ 11 ቀን ቆምኩ። የሜዳ ኪራዩም የኮንቴነር ዲመሬጁም (ኮንቴነሩ በጊዜው ባለመመለሱ የሚከፈለው) በየቀኑ ይቆጠራል። የቧንቧዎቹ ግማሽ ትርፍ እዚያ ሜዳ ላይ ቀረ። ያኔ ነው የጋሼ ቃል የገባኝ።

በእንጨት ሳጥን ወይም ፓሌት የሚጫን ካለ፣ እንጨቱ በሙቀት የታከመ መሆኑን የሚያሳይ ማኅተም እንዲኖረው ያዝዙ። ሻጩ ኮንቴነሩን ሲሞላና በሩን ሲያሽግ በተለያየ ደረጃ ፎቶ አንስቶ ይላክልዎ። ለኢንሹራንስ ክርክር ከዚያ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

ሞጆ

ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነው። ኮንቴነሩ መድረሱ ሲነገርዎ ትራንዚተርዎ ዲክላራሲዮኑን በጉምሩክ ሲስተም ላይ ይመዘግባል፣ ሲስተሙም በስጋት ደረጃ ይመድበዋል። አረንጓዴ ከሆነ በቀጥታ ይለቀቃል፣ ቢጫ የሰነድ ምርመራ፣ ቀይ ደግሞ አካላዊ ፍተሻ ነው። ጀማሪ ቀይ ቢወጣበት አይደንግጥ። ፍተሻው ቀን ራስዎ ይገኙ፤ ካርቶኖቹ ላይ ከፓኪንግ ሊስቱ ጋር የሚመሳሰል ቁጥር ከተጻፈ ሥራው በግማሽ ጊዜ ያልቃል። ምግብ፣ መድኃኒትና መዋቢያ የሚያስመጡ ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ የጥራት ደረጃ የወጣላቸውን ዕቃዎች የሚያስመጡ ከንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር የሚያስፈልገውን ፈቃድ አስቀድመው ይያዙ፣ እዚያ ደርሰው አይጀምሩት።

ማራገፍ

ኮንቴነር የጫነ ተሳቢ ቀን መሐል ከተማ አይገባም። የእኔ ሱቅ በር ላይ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን የሚዞርበት ቦታ የለም። ስለዚህ ቃሊቲ አካባቢ መጋዘን ተከራይቼ እዚያ አራግፌ፣ በትናንሽ መኪና ወደ ተክለሃይማኖት አመላለስኩ። መጋዘኑን፣ ጫኝና አውራጁንና ትንሹን መኪና ተሳቢው ከሞጆ ከመነሳቱ በፊት ይነጋገሩ፤ ሌሊት በር ላይ ቆሞ ዋጋ መደራደር አይቻልም።

በሩ ከመከፈቱ በፊት የማሸጊያውን ቁጥር ከቢል ኦፍ ሌዲንጉ ጋር ያመሳክሩና ፎቶ ያንሱ። የተሰበረ ወይም የጎደለ ካለ እዚያው ይመዝግቡ፣ ለኢንሹራንሱም በማግስቱ በጽሑፍ ያሳውቁ። ባዶው ኮንቴነር በተባለው ቀን ተመልሶ የመረከቢያ ደረሰኙ እጅዎ እስኪገባ ድረስ ዲመሬጁ ይቆጠራል፤ ሾፌሩ «መልሼዋለሁ እመቤቴ» ቢልዎትም ደረሰኙን ተቀብለው ከዲክላራሲዮኑ፣ ከባንክ ፈቃዱና ከኢንቮይሱ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ ያኑሩት። ጉምሩክ ዕቃው ከወጣ በኋላም ኦዲት ለማድረግ ይመጣል፣ ያን ጊዜ የሚጠይቅዎ ያንን ፋይል ነው።