ከመፀነስ በፊት ጤና ጣቢያ እንዴት ይኬዳል?

ጤና ጣቢያ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ለእርግዝና ክትትል ከሚመጡት እናቶች ብዙዎቹ የሚመጡት ሆዳቸው ከገፋ በኋላ ነው። ቶሎ መጣች የምንላት እንኳ ብዙ ጊዜ ሁለት ወር አልፏታል። የፅንሱ አንጎል፣ አከርካሪና ልብ መሠረታቸው የሚጣለው ግን ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ መታየት ያለባችሁ እርግዝናው ሲረጋገጥ ሳይሆን ሐሳቡ ሲመጣ ነው። ለሠርግ አዳራሽና ቬሎ ወራት ቀድመን የምንሯሯጥ ሰዎች ነን። ለዚህም አንድ ጠዋት ይገባዋል።

የት ገብታችሁ ምን ትላላችሁ?

"ከእርግዝና በፊት" የሚል በር ያለው ጤና ጣቢያ እምብዛም አታገኙም። ካርድ አውጡና ተመላላሽ ክፍል ወይም የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ግቡ። እዚያ የምትናገሩት ዓረፍተ ነገር ብዙ ነገር ይወስናል። "ቼክ አፕ ፈልጌ ነው" ካላችሁ ደምና ሽንት ታዝዞላችሁ ትመለሳላችሁ። ይልቁንም "ሲስተር፣ በሚቀጥሉት ወራት ማርገዝ አስቤያለሁ፤ ከዚያ በፊት መታየት ያለብኝ ነገር እንዲታይልኝ ነው የመጣሁት" በሉ። "ስታረግዢ ነይ" የሚል መልስ ቢያጋጥማችሁ ተስፋ ቆርጣችሁ አትውጡ። ፎሊክ አሲድ፣ ደም ግፊት፣ የደም ዓይነት እያላችሁ በስም ጠይቁ።

ይህን ለምታነቡ የሥራ ባልደረቦቼም አንድ ነገር ልበል። ለዚህ ሥራ አዲስ ክፍልም አዲስ በጀትም አያስፈልግም። በወሊድ ዕድሜ ያለች ሴት ለጉንፋን ብትመጣም "በሚቀጥለው አንድ ዓመት ማርገዝ ታስቢያለሽ?" ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ሉፕ ወይም በክንድ የተቀበረ መከላከያ ለማስወጣት የምትመጣዋ ሴት ነገር ነው። ለምን እንደምታስወጣ ራሷ ነግራናለች። መከላከያው ይወጣል፣ ፋሻው ይታሰራል፣ ፎሊክ አሲድ ሳትይዝ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ያቺ ቀን መባከን የለባትም።

ስትመጡ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነፓኮው ይዛችሁ ኑ። "ነጯ ትንሿ ኪኒን" ብላችሁ ብትነግሩን አንለየውም።

ፎሊክ አሲድ፦ ጊዜውና መጠኑ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ፎሊክ አሲድ የፅንሱ የነርቭ ቱቦ፣ ማለትም አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ክፍል፣ በትክክል እንዲዘጋ ይረዳል። ቱቦው ካልተዘጋ ሕፃኑ አከርካሪው ላይ ክፍተት ይዞ ሊወለድ ይችላል፤ የራስ ቅሉና አንጎሉ ሳይሟሉ የሚቀሩበትም ጊዜ አለ። ይህ ችግር በአገራችን በብዛት ይታያል። ቱቦው የሚዘጋው ከፅንስ በኋላ እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። የወር አበባችሁ ቀረ ብላችሁ መጠራጠር ስትጀምሩ የቀረው ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ተመርምራችሁ፣ ቀጠሮ ይዛችሁ እስክትመጡ ያ ጊዜ ያልፋል። በሦስተኛው ወር የሚጀመር ፎሊክ አሲድ ለደም ማነስ ይጠቅም ይሆናል፤ የተዘጋውን በር ግን አይከፍትም። ስለዚህ መከላከያ ከማቆማችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ወር፣ ቢቻል ሁለት ሦስት ወር ቀድማችሁ ጀምሩ። እርግዝናው 12 ሳምንት እስኪሞላው በየቀኑ ቀጥሉ።

ቀጥሎ መጠኑ ነው። ለአብዛኛዋ ሴት የሚበቃው በቀን 400 ማይክሮ ግራም ነው። አንዳንዱ ፓኮ ላይ 0.4 ሚሊ ግራም ተብሎ ይጻፋል፣ ልዩነት የለውም። በእርግዝና ክትትል የሚሰጠው የአይረንና የፎሊክ አሲድ ኪኒን 60 ሚሊ ግራም አይረንና ይህንኑ 400 ማይክሮ ግራም ይይዛል። ፋርማሲ ሄዳችሁ "ፎሊክ አሲድ" ብቻ ካላችሁ ግን ባለ 5 ሚሊ ግራሙ ሊሰጣችሁ ይችላል። እሱ ከ12 እጥፍ በላይ ነው። ያን መጠን የምንሰጠው በተለይ ቀድሞ እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ልጅ ለወለደች፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምትወስድ ወይም ስኳር ላለባት ሴት ነው፤ እሱም በባለሙያ ትእዛዝ። ከእነዚህ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ 400ው ብቻውን አይበቃችሁም። መጠኑን ለማሳደግ ብላችሁ የአይረኑን ኪኒን አትደራርቡ፤ አይረኑ አብሮ ይበዛል።

"ጎመንና ምስር እበላለሁ" የሚሉኝ አሉ። ብሉ፣ ጥሩ ነው። ነገር ግን ፎሌት፣ ማለትም በምግብ ውስጥ ያለው የፎሊክ አሲድ ዓይነት፣ ሲቀቀል ስለሚቀንስ ምግብ ብቻውን አስተማማኝ አይደለም። የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ በ2014 ዓ.ም. አስገዳጅ ደረጃ ወጥቷል። ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም እንጀራ የሚበላውን፣ እህሉን ሰፈር ወፍጮ ቤት የሚያስፈጨውን ቤተሰብ አይደርሰውም። ለጊዜው የምተማመነው ኪኒኑን ነው።

የምትወስዱት መድኃኒት

ዋናው ሕግ፦ በራሳችሁ ምንም መድኃኒት አታቁሙ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ድንገት ማቆም ለሕይወት ያሰጋል። ግን ከማርገዛችሁ በፊት መቀየር ያለባቸው አሉ። ከሚጥል በሽታ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ቫልፕሮዬት ፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ለደም ግፊት በብዛት የሚታዘዘው ኢናላፕሪልም በእርግዝና አይወሰድም፤ እንደ ሜቲልዶፓ ባለ መድኃኒት ይተካል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የምትወስዱ ከሆነ ከልብ ሐኪማችሁ ጋር ሳትመክሩ መከላከያ አታቁሙ።

የልብን ነገር ሳነሳ፣ በልጅነት በጉሮሮ ሕመም ሰበብ የተጎዳ የልብ ቫልቭ ያለባቸው ሴቶች በአገራችን ብዙ ናቸው። አንዳንዷ የምታውቀው በእርግዝናዋ አጋማሽ ትንፋሽ ሲያጥራት ነው፤ ያን ጊዜ የደሟ መጠን ስለሚጨምር ጠባቡ ቫልቭ አይችለውም። በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ተወግታችሁ የምታውቁ ከሆነ ተናገሩ። ዳገት ስትወጡ ከእኩዮቻችሁ በላይ የምትደክሙም እንደዚሁ። "ልቤን በማዳመጫ ስሙልኝ" ማለት ነውር የለውም።

ስኳር ካለባችሁ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን ምርመራ አሠሩ። ሊደረስበት ከተቻለ ከ6.5 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል።

ላብራቶሪ

ሄሞግሎቢን (ደም ማነስን የሚያሳየው)፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ የደም ዓይነት። ለጋብቻ ብላችሁ ኤችአይቪ ተመርምራችሁ ከነበረ የቀሩትን አሟሉ። ሄፓታይተስ ቢ ነፃ ከሆናችሁ ክትባቱን አሁን ጀምሩ፤ ሦስቱ ዙር ስድስት ወር ይፈጃል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታችሁንም አስቆጥሩ።

የደም ዓይነታችሁ ኔጋቲቭ፣ የባለቤታችሁ ፖዘቲቭ ከሆነ ሾተላይ ያሰጋችኋል። መከላከያው መርፌ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ከውርጃ በኋላም ያስፈልጋል። ውድ ነው፣ ሁሉም ቦታም አይገኝም። የት እንደሚገኝና ዋጋውን ከአሁኑ ጠይቁ።

ሄሞግሎቢን ከ12 በታች ከሆነ አይረን ይታዘዛል። በተለይ በጾም ወራት ቡናና ሻይ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ፤ የምግቡን አይረን ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋሉ። እንቅርትን ለመከላከል አዮዲን ያለው ጨው ተጠቀሙ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

ባለቤታችሁም አብሮ ይምጣ። ሲጋራ፣ ጫትና መጠጥ የሁለታችሁም ጉዳይ ነው። የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራ ደግሞ አንዳችሁ ብቻ ብትመረመሩ ግማሽ ሥራ ነው።

መከላከያውን ማቆም

ሉፕ ወይም የክንዱ ከወጣ በኋላ ቶሎ ማርገዝ ይቻላል፤ ስለዚህ ፎሊክ አሲዱ ይቅደም። የሦስት ወሩ መርፌ ግን ይቆያል። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ አሥር ወር ገደማ ሊወስድ ስለሚችል "መካን ሆንኩ" ብላችሁ አትደናገጡ። ልጅ ወልዳችሁ ከሆነ ቀጣዩን ከመሞከራችሁ በፊት 24 ወር መጠበቅ ይመከራል።

ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ሞክራችሁ ካልሆነ፣ ዕድሜያችሁ ከ35 በላይ ከሆነ ደግሞ በስድስት ወር፣ ተመለሱ። ስትመለሱ ሁለታችሁም ኑ፤ የእሱ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ከእሷ ምርመራ ጋር አብሮ ይታዘዛል።