ጎረቤት ቤቱን ለመጠገን በግቢያችሁ ልግባ ሲል፦ ወደ እንግሊዝና ዌልስ አዲስ ለመጡ

በእዚህ አገር ከተሞች ብዙ ቤቶች ግድግዳ ይጋራሉ፤ ካልተጋሩም የሚለያቸው አንዲት ጠባብ መተላለፊያ ናት። የጎረቤታችሁ አሸንዳ ካፈሰሰ ወይም የጎን ግድግዳው ልስን ከረገፈ፣ ሠራተኛው መሰላሉን የሚተክልበት ቦታ የእናንተ ግቢ ሊሆን ይችላል።

ተከራይ ከሆናችሁ ምንም አትፈርሙ። ጎረቤታችሁ ልግባ ብሎ የላከውን ደብዳቤ ፎቶ አንሥታችሁ በዚያው ቀን ለአከራዩ ወይም ለቤት አስተዳዳሪው በኢሜይል ላኩ። የምትኖሩበት እናንተ ስለሆናችሁ ግን ቀኑና ሰዓቱ ከእናንተም ጋር መነጋገር አለበት።

የራሳችሁ ቤት ከሆነ፣ የመጣው ጥያቄ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አስቀድማችሁ ለዩ። ጣራ፣ አሸንዳ፣ ቀለም ወይም የፍሳሽ ቱቦ ብቻ ከሆነ ጎረቤታችሁ እንዲሁ የመግባት መብት የለውም፤ የቤቱ የባለቤትነት ሰነድ ይህን መብት ሰጥቶት ከሆነ ግን ሌላ ነው። እምቢ ብትሉ በ1992 በወጣው የጎረቤት መሬት መግቢያ ሕግ መሠረት ፍርድ ቤት ሊያመለክት ይችላል። ዳኛው የሚያዩት ሥራው ለቤቱ ደኅንነት አስፈላጊ መሆኑን፣ ያለ እናንተ ግቢ የማይቻል ወይም እጅግ የሚያስቸግር መሆኑን፣ በእናንተም ላይ ከመጠን ያለፈ ችግር አለማምጣቱን ነው። ሕጉ ለጥገና የተሠራ ነው፤ ጎረቤት አዲስ ክፍል ልጨምር ቢል አያግዘውም። መኖሪያ ቤት ለመጠገን ሲሆን ፍርድ ቤቱ የመግቢያ ክፍያ አያስከፍለውም፤ ለደረሰ ጉዳት ግን ካሳ ሊያስከፍለው ይችላል። ስለዚህ እምቢ ከማለት ይልቅ ቅድመ ሁኔታችሁን አስቀምጣችሁ እሺ ማለቱ ይሻላል።

ሁለተኛው ዓይነት ደብዳቤ የ1996ቱን የጋራ ግድግዳ ሕግ የሚጠቅስ ነው፤ ይህን በፍጹም መሳቢያ ውስጥ አትተዉት። በጋራ ግድግዳ ላይ ለሚሠራ ሥራ የሁለት ወር፣ ከሕንፃችሁ 3 ሜትር ባልራቀ ቦታ ከመሠረታችሁ በታች ለሚወርድ ቁፋሮ ደግሞ የአንድ ወር ማስታወቂያ ይሰጣል። በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልመለሳችሁ ሕጉ ዝምታችሁን አለመስማማት አድርጎ ይቆጥረዋል። ከዚያ ሰርቬየር፣ ማለትም ሥራው እንዴት እንደሚካሄድ የሚወስን ባለሙያ፣ እንድትመርጡ ትጠየቃላችሁ፤ 10 ቀን ካለፈ ጎረቤታችሁ ለእናንተም ሊመርጥላችሁ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሰርቬየሩን ክፍያ የሚሸፍነው ሥራውን የሚያሠራው ነው። በዚህ ሕግ የተፈቀደለት ሰው ከ14 ቀን ማስጠንቀቂያ በኋላ በሥራ ሰዓት መግባት ይችላል፤ መብቱን እያወቁ መከልከል ወንጀል ነው።

እኛ ጎረቤትን ማስፈረም ይከብደናል፤ ቃል በቂ ነው ብለን አድገናል። ጉዳት ሲደርስ ግን ማን ምን እንዳለ የሚያስታውሰው ወረቀቱ ብቻ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ሥራው ምን እንደሆነ፣ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ የሠራተኞቹ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት፣ በየትኛው በር እንደሚገቡ፣ የተበላሸውን ማን እንደሚጠግን። ፈቃዱ ለዚህ ሥራ ብቻ የተሰጠና ጊዜያዊ መሆኑንም ጻፉ። የሥራ ተቋራጩን የሦስተኛ ወገን ጉዳት መድን ወረቀት ቅጂ ጠይቁ፤ የሚያበቃበት ቀን ሥራው ከሚያልቅበት በኋላ መሆን አለበት።

መሰላል ብቻ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፦ ለ4 ሜትር ከፍታ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይርቃል። ስካፎልዲንግ (ሠራተኞች የሚቆሙበት የብረት መወጣጫ) ሲሆን ግን ጠንቀቅ በሉ። ከብረት እግሮቹ ሥር ጣውላ ካልተነጠፈ ክብደቱ ሁሉ በትንሽ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ የግቢው ንጣፍ ይሰነጠቃል፣ ሣሩም ይሰረጉዳል። ለሌባም መወጣጫ ስለሚሆን የታችኛው መሰላል ማታ ማታ ይነሣ፤ ለቤት መድን ድርጅታችሁም አስቀድማችሁ ንገሩ። የሲሚንቶ ዕቃ በእናንተ ግቢ እንዳይታጠብ ከልክሉ፤ ወደ ፍሳሹ የገባው ሲሚንቶ ውስጥ ለውስጥ ይደርቅና ቱቦውን ይደፍነዋል።

ሥራው ሳይጀመር አጥሩን፣ ንጣፉን፣ ግድግዳውንና የፍሳሽ ክዳኑን ቀን በሚያሳይ ፎቶ አንሡ፤ የነበረ ስንጥቅ ካለ ጎኑ ማስመሪያ አድርጋችሁ። ስካፎልዲንግ የሚተክለውና ጥገናውን የሚሠራው ብዙ ጊዜ የተለያየ ድርጅት ስለሆነ፣ ጉዳቱን አንዱ በሌላው ላይ ያሳብባል። ስለዚህ ብረቱ በሚነቀልበት ቀን፣ መኪናቸው ደጃፍ ላይ እያለ፣ ፎቶዎቹን ይዛችሁ ግቢውን ከጎረቤታችሁ ጋር ዙሩ።